ኮምፖስቴ አልሞቅ አለ

ጓሮ ውስጥ የከመርኩት ኮምፖስት አልሞቅ ብሎኛል። ክምሩ በቁመትም በጎንም አንድ ሜትር ገደማ ነው፤ አነሰ የሚባል አይመስለኝም። የገባበት ደረቅ ቅጠል፣ የታጨደ ሣር፣ የአትክልት ልጣጭና ትንሽ የላም ፍግ ነው። ደረቁ ከእርጥቡ ሁለት እጥፍ ይሆናል።

ሣሩን የጨመርኩ ሰሞን መሃሉ 45 ዲግሪ ደርሶ ነበር። ከዚያ ወረደ፤ አሁን ከአየሩ ብዙም አይለይም። የምፈልገው ከ55 እስከ 65 ነው፤ የአረሙ ዘር እንዲሞትልኝ።

እርጥበቱን በእጄ ጨምቄ አየሁት፤ ጠብ ይላል እንጂ አይፈስም። ሽታም የለውም። ሳገላብጠው ለጊዜው ሞቅ ይልና ተመልሶ ይቀዘቅዛል። ውስጡን ስቆፍረው ቅጠሉ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደራርቦ ተጣብቋል። አንዱን ሳላቅቀው ከሥሩ ያለው ቀለሙ እንኳን አልተለወጠም። ሣሩ ግን የት እንደገባ አይታወቅም፣ አልቋል።

ሽንት ጨምርበት ያለኝም አለ፤ ጎረቤት ስላለ እሱ ለጊዜው ይቆየኝ።

ክምሩን አፍርሼ ቅጠሉን ከትክቼ እንደገና ልከምረው፣ ወይስ እንዳለ ፍግና ትኩስ ሣር ብጨምርበት ይበቃል?