«ቅጽ ልጅ አያሳድግም» ተባለ፤ ታዲያ የቀነጨረው ልጅ በምን ይታወቅ?

ሚዛን፦
ሰሞኑን ስለ ሕፃናት ዕድገት ፕሮግራሞች በተደረገ ውይይት ላይ አንድ አስተባባሪ «ቅጽ ልጅ አያሳድግም፤ መዝገቡን ዘግታችሁ ልጁን እቀፉ» ብለው ተጨበጨበላቸው። ጭብጨባው ነው ያናደደኝ። መቀንጨር ማለት ልጅ ለዕድሜው እጅግ ማጠሩ ነው፤ ይህ ደግሞ እኮ በዓይን አይታይም። 3 ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ ቁመቱ ከ88.7 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀንጭሯል። ያ ቁመት 2 ዓመት ከጥቂት ወር የሆነው ልጅ መካከለኛ ቁመት ነው። ልጁ ይሮጣል፣ ይስቃል፣ ጎረቤቱ ያለው ልጅም እሱን ያህላል። ስለዚህ ማንም ምንም አይጠረጥርም። ያቀፈው ሰው አያውቅም፤ የለካው ነው የሚያውቀው።

አሳዳጊ፦
ወንድሜ ሚዛን፣ ንግግሩን ከመሀሉ ቆርጠህ ነው ያመጣኸው። የተባለው ስለ ቅጹ ብዛት ነው። የቤት ለቤት ጉብኝቱ 1 ሰዓት ነው እንበል። ሠራተኛዋ ገብታ፣ ሰላም ብላ እስክትቀመጥ 10 ደቂቃ ሄደ። 40 ጥያቄ ያለው ቅጽ እያንዳንዱ ግማሽ ደቂቃ ቢፈጅ እንኳ 20 ደቂቃ ነው። እናትና ልጅን አብሮ ለማጫወት የቀረው 30 ደቂቃ ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ደግሞ የመጣው ለዚያ ለጨዋታው ነው። ልጁ ኩባያውን ሲያቀብላት የሠራተኛዋ ዓይን ቅጹን በምትሞላበት ታብሌት ላይ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ዘርግቶ ካልተቀበለችው ይተወዋል። ያቺ ቅጽበት በየትኛው ዓምድ ትሞላለች?

ሚዛን፦
«አያሳድግም» የምትለዋን ቃል ግን አልፈሻት ሄድሽ። ቴርሞሜትርም ትኩሳት አያበርድም፤ ማን ጣለው?

አሳዳጊ፦
ቴርሞሜትር 40 ጥያቄ አይጠይቅም፣ ወንድሜ።

ጮራ፦
እህቴ አሳዳጊ፣ ለጨዋታው ያለሽን ክብር እጋራለሁ። ግን ጨዋታ እንደሚሠራ ያወቅነው በምን ይመስልሻል? ጃማይካ፣ ኪንግስተን ውስጥ በ1986 እና 1987 የተጀመረውን ጥናት አስቢ። 129 የቀነጨሩ ልጆች፣ ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 24 ወር፣ በአራት ተከፈሉ፦ ምንም ያልተጨመረላቸው፣ አልሚ ምግብ ብቻ፣ ጨዋታ ብቻ፣ ሁለቱም። ጎብኚዋ በሳምንት 1 ሰዓት፣ ለ2 ዓመት። ከ20 ዓመት በኋላ ጨዋታውን ያገኙት ገቢያቸው ካላገኙት በ25 በመቶ በልጦ ተገኘ። የአልሚ ምግቡ ብቻ ውጤት ግን አልዘለቀም። መዝገብ ባይኖር ሁለቱን ማን ይለይ ነበር? ዛሬም ዱቄት ብቻ እያደልን «ልጁ አደገ» እንል ነበር።

አሳዳጊ፦
ጥሩ ምሳሌ አመጣሽ፤ ለእኔ ነው የሚመሰክረው። የልጆቹን ዕድገት የለኩት ጎብኚዎቹ አልነበሩም። ልጁ ከየትኛው ምድብ እንደሆነ የማያውቁ ሌሎች ሰዎች ናቸው። ጎብኚዋ ይዛ የምትገባው መጫወቻ ነበር። ለካ መለካትና ማሳደግ ለተለያዩ ሰዎች ሊሰጥ ይችላል! ዛሬ ግን ሁለቱም የተጫነው በአንዲት ሴት ላይ ነው። በዚያ ላይ የራሷን ሥራ ራሷ እንድትለካ ታዛለች፣ በውጤቱም ትገመገማለች። እንዲህ ተይዛ ቁጥሩ እውነት እንዲሆን ከወዴት ይጠበቃል?

የሜዳ ሰው፦
ልጆቼ፣ ሁላችሁም ቁጥሩ ትክክል እንደሆነ አድርጋችሁ ነው የምትከራከሩት። መጀመሪያ እሱን እንፈትሽ። 200 ልጆች የተለኩበትን መዝገብ ክፈቱና ከነጥብ በኋላ ያለችውን አኃዝ ብቻ ቁጠሩ። ከ0 እስከ 9 እያንዳንዷ 20 ጊዜ ገደማ መምጣት አለባት። 0 እና 5 ሁለቱ ብቻ 110 ጊዜ ከመጡ ለኪው ሚሊ ሜትሩን አላነበበም፤ በግምት አጠጋግቷል። ቀጥሎ ዕድሜውን እዩ። 12፣ 24፣ 36 ወር ላይ ልጆች ተከምረው ካገኛችሁ የልደት ቀን አልተጠየቀም ማለት ነው።

ይህን ትንሽ ስህተት አታድርጉት። ልጅ ወደ 2 ዓመት ሲጠጋ በወር 0.9 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨምራል። በዚያ ዕድሜ አንድ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን፣ ማለትም የልጆች ቁመት ከመካከለኛው በተለምዶ የሚራራቅበት መጠን፣ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ የ21 ወሩን ልጅ «24» ብሎ የጻፈ ሰው በብዕር ብቻ አንድ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ቁመት ቀነሰበት። ደህናው ልጅ ቀንጭሯል ይባላል። ወሩ ዝቅ ተደርጎ ከተጻፈ ደግሞ የቀነጨረው ይሰወራል፤ እኔን የሚያስፈራኝ ይኸኛው ነው።

የቁመት መለኪያ ሰሌዳውም አለ። ከ2 ዓመት በታች ያለ ልጅ ተጋድሞ ነው የሚለካው፣ በሁለት ሰው። አንዱ ጭንቅላቱን ከሰሌዳው ራስ ጋር ያስነካል፣ ሌላው ጉልበቱን ዘርግቶ የእግሩን መዳፍ በተንቀሳቃሹ እንጨት ላይ ቀጥ ያደርጋል። አንድ ሰው ብቻውን ሲለካ ጉልበት ይታጠፋል፣ ልጁ በወረቀት ላይ ያጥራል።

ሚዛን፦
እውነትዎን ነው፣ ጋሼ። ለዚህ እኮ ነው ሁለት ሰው ለየብቻው ለክቶ ልዩነቱ ከ0.7 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ይደገም የሚባለው።

አሳዳጊ፦
0.7 ከ2 ዓመት በታች ያለው ልጅ ቆሞ ሲለካ የሚጨመርለት ነው እንጂ የልዩነት ወሰን አይደለም። ደንቡን አጥርተህ ሳታውቅ ሰው አትውቀስ።

ሚዛን፦
አውቄ ነው የጻፍኩት። አንቺ ነሽ ያደበላለቅሽው።

የሜዳ ሰው፦
ሁለቱም አለ፤ አትጣሉ። ትንሹ ልጅ እንቢ ብሎ ቆሞ ከተለካ 0.7 ይጨመራል፤ ከ2 ዓመት በላይ ሆኖ ተጋድሞ ከተለካ 0.7 ይቀነሳል። የሁለት ለኪዎች ልዩነት ወሰን ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሰንጠረዥ በተሠራበት ጥናት ላይ የቁመቱ ወሰን 7 ሚሊ ሜትር፣ የክብደቱ 100 ግራም ነበር። ቁጥሩ ተገጣጥሞባችሁ ነው።

አሳዳጊ፦
እሺ ጋሼ፣ ተሳስቻለሁ። ሚዛንንም ይቅርታ። ግን ልብ በሉልኝ፦ በዚህ ሥራ ውስጥ ያለን ሰዎች እዚሁ ላይ ከተምታታብን፣ ግማሽ ቀን ሠልጥና ሰሌዳ የተሸከመችው ልጅ ምን ታድርግ?

ቀለም፦
ስለ ሰሌዳው ስትጨቃጨቁ የተለካው ቁመት የሚነጻጸርበትን የዓለም ጤና ድርጅት ሰንጠረዥ ረሳችሁት። በሀብታም አገር ልጅ ልክ የተሰፋ ልብስ ለሁሉም ልጅ እየተለካ «አጠረ» ይባላል።

ጮራ፦
ወንድም ቀለም፣ ይህ የድሮው ክስ ነው። የ2006ቱ ሰንጠረዥ የተሠራው ከ1997 እስከ 2003 በብራዚል፣ በጋና፣ በህንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ በተለኩ 8,500 ያህል ልጆች ነው። ጡት የጠቡና በቂ እንክብካቤ ያገኙ ልጆች ተመርጠው ሲለኩ ቁመታቸው እጅግ ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ልጅ በተመቸው ቦታ ሁሉ በዚያ መጠን ያድጋል ማለት ነው። «የእኛ ልጆች ተፈጥሯቸው አጭር ነው» የሚለው አባባል ስንቱን ልጅ ያለ ክትትል እንዳስቀረ አስብ።

ቀለም፦
ቁመቱን ተቀበልኩሽ። ስለ አእምሮ ዕድገት ግን እንዲህ አፍሽን ሞልተሽ አትናገሪም። ባለ 20 ጥያቄውን የዩኒሴፍ መለኪያ፣ ኢሲዲአይ 2030ን ውሰጂ። ከ24 እስከ 59 ወር ላሉ ልጆች፣ መላሿ እናት ወይም አሳዳጊ ናት። የተሠራው የሕዝብን ሁኔታ በናሙና ለማወቅ ነው፤ አንድን ልጅ «ዘገምተኛ» ለማለት አልተሠራም። ሰው ግን ጥያቄዎቹን ገልብጦ በየክፍሉ ያስሞላና ከልጁ ስም ፊት ምልክት ያደርጋል።

እውነተኛ የልየታ መጠይቅም ቢሆን አስሉት። 1,000 ልጆች፣ ከነሱ 100ው በርግጥ የዘገዩ እንበል። መጠይቁ ከዘገዩት 80 በመቶውን፣ ደህና ከሆኑት ደግሞ 80 በመቶውን በትክክል የሚለይ ይሁን። 80 የዘገዩ ልጆች ይያዛሉ፣ ከ900ዎቹ ደህና ልጆች ደግሞ 180ው አብረው ይያዛሉ። «ልጅሽ ችግር አለበት» ከተባሉት 260 እናቶች 180ዎቹ በከንቱ ሌሊቱን ሲያለቅሱ ያድራሉ። 20 የዘገዩ ልጆች ደግሞ «ደህና ናችሁ» ተብለው ይሸኛሉ።

ሚዛን፦
ለዚያ ነው ሁለተኛ ምርመራ ያለው።

ቀለም፦
የት? ሪፈራል የተጻፈላቸው ስንቱ ደረሱ፣ በስንት ቀን ደረሱ የሚል ዓምድ ያለው ቅጽ አሳየኝ። «ስንት ልጅ ተለየ» የሚለው ሁሌ አለ፤ «ስንቱ አገልግሎት አገኘ» የሚለው ነው የሚጠፋው። መቀበያ ሳያዘጋጁ መለየት በእናት ላይ ጭንቀት መጫን ነው።

ጮራ፦
በዚህ ከአንተ ጋር ነኝ። ግን መልሱ መዝገቡን መዝጋት ነው? አንድ ቀላል ነገር ላሳያችሁ። 30 ልጆች ያሉት ክፍል፣ በሳምንት 5 ቀን፣ በሪፖርት «መገኘት 80 በመቶ»። ከ150 የልጅ ቀናት 120ው ማለት ነው። ይህ ሁሉም ልጅ በሳምንት አንድ ቀን ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ 24ቱ ሳያጓድሉ መጥተው 6ቱ አንድም ቀን ሳይመጡ ቀርተው ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ አንድ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ምናልባት የሰዓት ማስተካከያ ይበቃው ይሆናል። ሁለተኛው ግን ዛሬውኑ ወደ ስድስት ቤት መሄድን ይጠይቃል። የስም መቆጣጠሪያውን በአግድም ያነበበች መምህርት በሁለት ደቂቃ ታየዋለች። ድምሩ ብቻ ወደ ላይ ሲላክ ስድስቱ ልጆች አማካዩ ውስጥ ተቀበሩ።

አሳዳጊ፦
እንግዲህ ከእኔ ጋር ተስማማሽ! የምትይው መምህርቷ ራሷ ታንብበው ነው። እኔም ያልኩት ይህንን ነው፤ ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ ቅጽ ልጅ አያሳድግም።

ሚዛን፦
«ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ» የሚለውን ዛሬ ጨመርሽበት። የተባለው «መዝገቡን ዘግታችሁ» ነው።

አሳዳጊ፦
የሰውየውን ሐሳብ ነው የያዝኩት፤ አንተ ቃሉን ይዘህ ቀረህ። ይኸው በተግባር ልናገር፦ ከ40ው ጥያቄ 5 ብቻ ይቅሩ። መጣ ወይስ ቀረ፣ እናትየዋ ጨዋታውን በራሷ እጅ ሞከረችው ወይስ ቁጭ ብላ አየች፣ ያለፈው ሳምንት መጫወቻ አሁንም ቤት አለ፣ ልጁ አዲስ ምን አደረገ፣ ሪፈራል ከነበረ ደረሰ። ሱፐርቫይዘሩ ከ20 ጉብኝት በሁለቱ አብሮ ተቀምጦ ያስተያይ። ቁመትና ክብደት በሦስት ወር አንዴ በሠለጠኑ ሁለት ሰዎች ይለካ።

ሚዛን፦
በሦስት ወር አንዴ? የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የወረደ፣ በከባድ የምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ ሦስት ወር ይጠብቃል? የክንድ መለኪያው ጥብጣብ እኮ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ደግሞ የልደት ቀኑን ከአምስቱ ውስጥ አላየሁትም።

አሳዳጊ፦
የልደት ቀን አንዴ ይመዘገባል፤ በየሳምንቱ አይጠየቅም። ጥብጣቡን ተቀብያለሁ፤ ስድስት ይሁን።

ቀለም፦
አሁን ስድስት፣ በሚቀጥለው ዓመት አሥራ ስድስት። አርባውም የደረሰው እንዲሁ አንድ አንድ እየተባለ ነው።

የሜዳ ሰው፦
ጥብጣቡ ከ6 እስከ 59 ወር ላለ ልጅ ነው። በግራ ክንድ፣ በትከሻና በክርን መካከል፣ ክንዱ ዘና ብሎ ሲወርድ ይለካ። ከጠበቀ ጤነኛውን ታማሚ ያደርጋል፣ ከላላ ታማሚውን ያሳልፋል። ስድስተኛ ከሆነ ይህ ከቅጹ ጀርባ በሥዕል ይታተም።

ሚዛን፦
ይታተም፣ ጋሼ። ግን አሳዳጊ አሁንም አልመለሰችልኝም፦ መዝገቡ ይዘጋ ነው ወይስ ይከፈት?