«የኢሚዩኒቲ ድክመት ነው» ላልከው

የደብረ ብርሃኗ፦ ትናንት እዚህ ስለ ስኪዞፍሬኒያ፣ ስለዚህ ከባድ የአእምሮ ሕመም፣ የተለጠፈውን አንብቤ እንቅልፍ አልወሰደኝም። «ስኪዞፍሬኒያ የኢሚዩኒቲ ድክመት ነው። ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቁር አዝሙድና ማር ስጧቸው፣ ኪኒኑን ተዉት» ይላል። ወንድሜ ኪኒን ባቋረጠ ጊዜ በሌሊት ከቤት ወጥቶ ጠፋብን። በዚህ ብርድ፣ በባዶ እግሩ። እንደዚያ ቢሆን ማን ይጠየቃል?

የመንዙ፦ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። እህቴ፣ ከራሴ አላመጣሁትም። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ትልቅ የዘረመል ጥናት ከበሽታው ጋር የተያያዙ 108 የዘረመል ቦታዎች አገኘ። ከሁሉም ጎልቶ የታየው 6ኛው ክሮሞሶም ላይ ያለው፣ የሰውነት መከላከያ (ኢሚዩኒቲ) ዘረመሎች የተሰበሰቡበት ክፍል ነው። ይሄን ትክጃለሽ?

የደብረ ብርሃኗ፦ እሱን አልካድኩም። እኔ የያዝኩህ «ድክመት» ባልከው ነው።

ሲስተር፣ ከሸዋ ሮቢት፦ እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። ብዙ ሕመምተኞች ደም ውስጥ እንደ አይ ኤል 6 እና ሲ አር ፒ ያሉ የሰውነት መቆጣት (ኢንፍላሜሽን) ምልክቶች ከፍ ብለው ይገኛሉ። ይሄ የደከመ ሳይሆን ያለ ቦታው የሚቆጣ መከላከያ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሲ 4 ስለሚባለው ፕሮቲን ጥናት ወጣ። ሥራው ጀርም ላይ ምልክት ማድረግ ነው። አንጎል ውስጥ ግን የሚወገዱ የነርቭ መገናኛዎችም ላይ ምልክት ያደርጋል። አንዱን ዓይነቱን በዘሩ አብዝቶ የሚያመርት ሰው ለበሽታው ይበልጥ ይጋለጣል። ታዲያ የተቆጣውን ምን ብለህ ነው የምታጠናክረው?

የመንዙ፦ ሲስተር፣ ካልደከመ ኮቪድ ለምን እነሱ ላይ በረታ? ኒው ዮርክ ውስጥ በተደረገ ጥናት ከዕድሜ ቀጥሎ ለሞት ያጋለጠው ስኪዞፍሬኒያ ነበር። ይሄንን ይመልሱልኝ።

የደብረ ብርሃኗ፦ እኔ ልመልስልህ። ኒው ዮርክ ድረስ ምን አስኬደህ? ቡታጅራ ላይ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ተመራማሪዎች 10 ዓመት ተከታትለዋል። ከሌላው ሰው ወደ 30 ዓመት ቀድመው ይሞታሉ። ከሞቱት ግማሽ ያህሉን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነው። ለምን እንደሆነ እኔ በቤቴ አይቼዋለሁ። ወንድሜ ሲያስል ይዤው ሄድኩ። «እሱማ የአእምሮ ሕመምተኛ ነው» ብለው መለሱን። ከሁለት ወር በኋላ ቲቢ ሆኖ ተገኘ። አክታውን የሚያይለት ጠፍቶ ነው እኮ!

የአንኮበሩ፦ ሲስተር፣ ክሎዛፒን የሚባለው የስኪዞፍሬኒያ መድኃኒት ነጭ የደም ሕዋስ ይጨርሳል ይባላል። ታዲያ የሚያዳክመው መድኃኒቱ ራሱ አይደለም?

ሲስተር፦ ጥቂት ሰዎች ላይ ነው፣ አደገኛ ግን ነው። ለዚህ ነው ደማቸው በየጊዜው የሚታየው። የሚወስደው ሰው ካተኮሰው ወይም ጉሮሮውን ካመመው በዚያው ቀን ይምጣ። ሌላ መድኃኒት እምቢ ላለው ሰው ግን ከእሱ የሚሻል የለም። በራሳችሁ እንዳታቋርጡት።

ዲያቆን፣ ከሰላ ድንጋይ፦ ኪኒን ተዉ የሚል ሲነሳ ወዲያው ጸበል ነው የሚወቀሰው። ጻድቃኔ ማርያም ኪኒኑን ይዞ መጥቶ የሚጠበል ስንቱን አይቻለሁ።

የደብረ ብርሃኗ፦ ዲያቆን፣ ስለ ጸበል ማን አነሳ? እኛም ቤት ጸበል አይጠፋም።

የአንኮበሩ፦ እኔ ላንሳው። አክስቴን «ሁለቱ አንድ ላይ አይሄዱም» ብለው ኪኒኗን አስጥለዋታል። ሸንኮራ ጸበል ስትሄድ ደህና ነበረች፣ ስትመለስ ግን ማንንም አታውቅም ነበር።

ዲያቆን፦ እንዲያ ያላት ሰው ተሳስቷል። ለእሱ ስህተት ጸበሉ አይወቀስ።

የአንኮበሩ፦ ጸበሉን አልወቀስኩም። ሲያስጥሏት ዝም ብሎ ያየውን ሁሉ ነው የምወቅሰው።

የመንዙ፦ እሺ፣ «ኪኒኑን ተዉት» የሚለውን ሰርዣለሁ። «ድክመት» ግን ይቆያል። ሰው የሚገባው እሱ ነው።

የደብረ ብርሃኗ፦ ስለሚገባው እኮ ነው አውርደው የምልህ። እናቴ አንብባው ዛሬ ጠዋት ማር ልትገዛ ወጥታለች።