የታደሰው አዳራሽ ኦዲሽን ለሁሉም ክፍት ይሁን ወይስ ለሰለጠነ ብቻ? (ክርክር፣ አዳማ)

የፍራንኮ ልጅ፦
ሰላም ለቤቱ። የታደሰው የድሮ አዳራሽ ውስጥ ለሚሰራው የከተማው ሰው ቴአትር ተዋናይ ሊመርጡ ማስታወቂያ ለጥፈዋል፣ በሩ ላይ ቆሜ ሁለቴ አነበብኩት። "የቴአትር ትምህርት ማስረጃ ወይም የ2 ዓመት የመድረክ ልምድ" ይላል፣ ምዝገባው ደሞ ከሰኞ እስከ አርብ በስራ ሰዓት ነው። እኔ ይሄን አልቀበልም። ደሞዝ የሌለው፣ ሁሉም ከስራ መልስ በፍቅር የሚሰራው ነገር ነው እኮ፣ ማስረጃ ምን ይሰራል? አዳራሹ ሲታደስ የህዝብ ነው ተብሎ ከየሱቁ ብር ተሰብስቧል፣ እኔም የአቅሜን ሰጥቻለሁ። ታሪክ ካነሳን ሀገር ፍቅር በ1927 ሲቋቋም ዲግሪ ያለው ተዋናይ የት ነበር? ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ ህዝቡን ለማነሳሳት የተሰባሰበ ማህበር ነው፣ ንግግር የሚችለው ተናገረ የሚዘፍነው ዘፈነ፣ ቴአትር ቤት የሆነው ከዛ ተነስቶ ነው። ብሄራዊ ቴአትርም በ1948 ሲከፈት የዩኒቨርሲቲው የቴአትር ትምህርት ክፍል ገና አልነበረም፣ እሱ የመጣው ከአብዮቱ በኋላ ነው። እስከዛ መድረኩን የተሸከሙት እነማን ናቸው ታዲያ?

መጋረጃ፦
ወንድሜ ንዴትህ ይገባኛል፣ ግን ግማሹን ነው የነገርከን። እነዛ ሰዎች ያለ ዲግሪ ገቡ እንጂ ያለ ስልጠና አልቀሩም፣ ቤቱ ውስጥ ለዓመታት ከትልልቆቹ ስር ሆነው ነው የተማሩት። እኔ ቴአትር ተምሬያለሁ፣ ወጣቶችም አለማምጃለሁ። አንድ ጊዜ ሌላ ከተማ ላይ ማንም ይምጣ ብለን ከፍተን በ6 ሳምንት መድረክ ላይ ወጣን፣ ዋናው ልጅ ሁለተኛው ትዕይንት ላይ ቃለ ተውኔቱ ጠፋበትና ቆሞ ቀረ፣ አብሮት ያለው ደሞ እንዴት እንደሚያወጣው አያውቅም። ሰው እየተነሳ ወጣ፣ በሳምንቱ ወንበሩ ባዶ ነበር። ያ ልጅ ከዛ በኋላ መድረክ አልረገጠም፣ እስካሁን ሳስበው ያመኛል። አዳራሹም ቀላል አይደለም፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፣ ድምፁን ከሆዱ ማውጣት ያልለመደ ሰው ከኋላ ረድፍ አይሰማም። ለዚህ ሁሉ የደከምንበት አዳራሽ የመጀመሪያው ቴአትር ከከሸፈ ተመልካቹን ማን ይመልሰዋል፣ አዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ናት፣ ቴአትር የፈለገ እዛ ሄዶ ያያል።

የማታ ተረኛ፦
ሁለታችሁም ስለ ማስረጃ ትከራከራላችሁ፣ እኔን የሚቆርጠኝ ግን ሰዓቱ ነው። ነርስ ነኝ፣ ተማሪ እያለሁ ክበብ ውስጥ ተውኛለሁ፣ ልምድ ካላችሁ አለኝ። በስራ ሰዓት መመዝገብ አልችልም፣ ልምምዱ ደሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው አሉ የሚያልቀው፣ በዛ ሰዓት ብቻዬን ባጃጅ ስጠብቅ ልቁም? ድሮ እኮ የሴት ገጸ ባህሪ የሚጫወተው ወንድ ነበር፣ ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ ነውር ስለነበረ። አሁን ነውር ነው የሚለን የለም ግን ሰዓቱ እንደዚህ ከሆነ ሴት አታገኙም፣ ከዛ ሴቶቹ ፍላጎት የላቸውም ትላላችሁ።

የፍራንኮ ልጅ፦
እህቴ ልክ ነሽ፣ እኔም ስለ ምዝገባው ብቻ እንጂ ስለ ልምምዱ አላሰብኩም ነበር።

የባቡር ጣቢያ ሰፈር፦
ልጆቼ እኔም ልናገር። በደርግ ጊዜ የቀበሌ ኪነት ውስጥ ነበርኩ። አንዳችንም ማስረጃ አልነበረንም፣ አናጢ ነበር፣ ጠላ ጠማቂ ነበረች፣ እኔ ጋራዥ ነበርኩ። የመረጠን ሰው ግጥም በሉ አላለንም፣ ባዶ እጃችንን አስቁሞ "ውሃ የሞላ እንስራ አዝላችሁ ይሄን አዳራሽ አቋርጡ" አለን። ጠላ ጠማቂዋ ስትራመድ ጀርባዋ ላይ ክብደቱን አየነው፣ ስታወርደው ትንፋሿ ተለወጠ። እኔ እንስራውን ረስቼ እጄን ኪሴ ከተትኩ (የተያዝኩት ለከበሮ ነው)። ሰው በ2 ደቂቃ ይታያል፣ ወረቀት አይፈልግም። የምፈራው ሌላ ነው፣ ያኔ ለካድሬው ዘመድ የሆነ ሳይፈተን ይገባ ነበር። ስለዚህ ከወረቀቱ በላይ ማን ነው የሚመርጠው የሚለውን ጠይቁ፣ ቢያንስ 3 ዳኛ ይሁን፣ ሰው በተቀመጠበት ይሁን።

ሶደሬ መንገድ፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ ኦዲሽኑ በአማርኛ ብቻ ነው? እኔ አማርኛ እችላለሁ ግን ሳዝን የማዝነው በኦሮምኛ ነው፣ አዳማ ላይ እንደኔ ያለ ስንትና ስንት ሰው አለ።

መጋረጃ፦
ትወና መኖሩን ለማየት በፈለግከው ቋንቋ መፈተን ይቻላል፣ እኔ ችግር የለብኝም። ተውኔቱ በአማርኛ ከሆነ ግን ቃለ ተውኔቱን በአማርኛ መያዝህ ግድ ነው። ጋሼ ያሉት የእንስራው ነገር ደሞ እውነት ነው፣ እኛም ክፍል ውስጥ እንደዛ ነው የምናሰራው። እሺ፣ መጀመሪያው ዙር ለሁሉም ክፍት ይሁን፣ ቅዳሜና እሁድ። ከዛ የተመረጡት የ1 ወር የድምፅና የእንቅስቃሴ ስልጠና ይውሰዱ፣ ገጸ ባህሪ የሚከፋፈለው ከስልጠናው በኋላ። ዋና ገጸ ባህሪ ላይ ግን የተማረ ይቅደም፣ ከዚህ አልወርድም፣ ያ ልጅ ላይ የደረሰው ሌላ ሰው ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

የፍራንኮ ልጅ፦
ስልጠናውን በደስታ። ዋናው ላይ የተማረ ይቅደም ያልከውን ግን አልስማማም፣ ወሩን ሙሉ አብረው ከሰለጠኑ በኋላ የተሻለው ይያዘው፣ አለበለዚያ ጠላ ጠማቂዋ ዛሬም ከኋላ ቆማ እልል ባይ ነው የምትሆነው።

መጋረጃ፦
እሱን ኮሚቴው ፊት እንነጋገረው፣ ቅዳሜ ጠዋት እሄዳለሁ፣ አንተም ና። ጋሼ እርስዎም ቢመጡልን፣ እርስዎን ይሰማሉ።

የባቡር ጣቢያ ሰፈር፦
እመጣለሁ።

የማታ ተረኛ፦
ቅዳሜ ተረኛ ነኝ መምጣት አልችልም። የልምምዱን ሰዓት ግን ከሁሉም በላይ አድርጋችሁ ጻፉልኝ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል አይለፍ፣ ካለፈ ደሞ ሴቶቹን ቤት የሚያደርስ መኪና ይኑር።