የድመት ግፊት በእማዬ መለኪያ ይለካል እንዴ?

የሆጤዋ (ደሴ)
ሰላም ቤተሰብ። ድመታችን ውሪት 14 ዓመቷ ነው። ከሰኞ ወዲህ ከወንበር እግር ጋር ትጋጫለች። የዓይኗ ጥቁር በጠራራ ፀሐይም ሰፍቶ ይውላል። ውሃ ደግሞ ስትጠጣ አትጠግብም። እማዬ "ግፊት ነው" አለች። እሷ ግፊት ስላለባት ሁሉም በሽታ ግፊት ይመስላታል። የራሷን መለኪያ አምጥታ ጨርቁን ብትጠቀልልላት እግሯን ሦስቴ ዞረው! አንዴ 96 አለ፣ ሌላ ጊዜ ጭራሽ እምቢ አለ። ውሪትም አመለጠችና ቁም ሳጥን ስር ገባች። ምን ላድርግ?

የከብት ሐኪም ነኝ
96ቱን እርሺው። የጨርቁ ስፋት የእግሯ ዙሪያ ከ30 እስከ 40 በመቶ መሆን አለበት። ሲሰፋ ቁጥሩን ያሳንሳል፣ ሲጠብ ያጋንናል። እኛ በዶፕለር (የደም ፍሰትን ድምፅ በሚያሰማ መሣሪያ) ስንለካ መዳፏ ስር ፀጉሩን ላጭተን ጄል እንቀባለን። ጨርቁን ነፍተን ቀስ ብለን ስናስተነፍሰው የደም ስሩ ድምፅ የሚመለስበት ቁጥር የላይኛው ግፊት ነው። የመጀመሪያውን ጥለን ከ5 እስከ 7 ጊዜ ለክተን አማካዩን እንይዛለን። ከ140 በታች ደህና ነው። 160 ከገባ ግፊት እንለዋለን፣ 180 ከደረሰ ዓይንና አንጎል ያሰጋል። እናትሽ ግን ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም። በድመት ግፊት ብዙ ጊዜ ከኩላሊት ይመጣል፣ ሬቲናዋንም (ብርሃን የሚቀበለውን የዓይኗን የውስጥ ሽፋን) ሊያላቅቀው ይችላል። ዛሬውኑ ውሰጃት።

ከኮምቦልቻ
አብሽሪ እህቴ። እኔ ውሻዬን በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት አውጥቼ ደሴ ሳደርሰው እየተንቀጠቀጠ 190 አለ። ሐኪሙ "ወለሉ ላይ ልቀቀው" አለኝ። አሥር ደቂቃ ጥግ ለጥግ ሲያሸት ቆይቶ ቢለካ 145! ውሪትን በካርቶን ያዣት፣ የእናትሽን ነጠላ አንጥፊላት።

የሆጤዋ
እማዬ የራሷን የግፊት ክኒን፣ አምሎዲፒን፣ ገምሳ ልትሰጣት ስትል ደረስኩባት።

የከብት ሐኪም ነኝ
ኧረ ተይ! መድኃኒቱስ ያው ነው፣ ለድመትም እናዘዋለን። ግን የተለመደው መነሻ 0.625 ሚሊግራም ነው፤ የባለ 5ቱ ክኒን አንድ ስምንተኛ። ግማሹ አራት እጥፍ ነው። ሳትለካ ምንም እንዳትሰጧት።

የሆጤዋ
ደርሰን መጣን። አማካዩ 210። ኩላሊቷም ደክሟል። የግራ ዓይኗ ላይመለስ ይችላል ተብለናል፣ ቀኙ ላይ ተስፋ አለ። እማዬ መንገዱን ሙሉ "አላልኩም?" ስትለኝ ነው የመጣችው። ክኒኑን ስምንት ቦታ መቁረጥ ግን ለኔ ተረፈ፤ ሁለቱ ዱቄት ሆነውብኛል። በምንድነው የምትቆርጡት?