የድራም ፊሌ ለምን ማሽን ማሽን ይላል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለ 8 ትራክ ተንቀሳቃሽ ሪከርደር አለኝ። ድራሙን የምሠራው ውስጡ ባለው ድራም ማሽን ነው፣ ቴምፖ (ፍጥነቱ) በደቂቃ 92 ቢት። ዋናው ምት ደስ ይላል። 8ኛው ባር (የአራት ቢት ዙር) ላይ ፊል፣ ማለትም ወደ ቀጣዩ ዙር የሚያሻግር አጭር የድራም ማስጌጫ፣ ሳስገባ ግን ይበላሻል። ስኔሩን (ጥርት ብሎ የሚጮኸውን ድራም) 16 ጊዜ እደረድረዋለሁ፤ የስፌት መኪና ድምፅ ይሆናል። ሦስት ሌሊት ታገልኩት። ምን ላድርግ?

መልስ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሃይ ሃቱን (ተደራራቢዎቹን ሁለት የብረት ሳህኖች) ፊሉ ላይ አጥፋው። ድራመር ያለው ሁለት እጅ ነው። ስኔርና ቶም (ወፍራም ድምፅ ያላቸውን ድራሞች) እያንከባለለ ሃይ ሃት በእጁ ሊመታ አይችልም፤ ጆሮ ደግሞ ወዲያው ይነቃል። ቀጥሎ ፊሉን አሳጥረው። ከ4ኛው ቢት ይጀምር፣ አራት ምት ይበቃዋል። ቬሎሲቲውን (የእያንዳንዱን ምት ጉልበት) ለየብቻ ስጠው፦ 70፣ 55፣ 80፣ 110። ሁሉንም 127 (ጣሪያው) ላይ ከሰቀልከው ሰው የመታው አይመስልም።

ሌላ መልስ፦
በዚህ እስማማለሁ። ግን ፊል የሚያርፈው ቀጣዩ ባር 1ኛ ቢት ላይ ነው። እዚያ ኪክ (በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም) እና ክራሽ (ጮክ ብሎ የሚፈነዳው የብረት ሳህን) አብረው ካልወደቁ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ዋናውን ፓተርን (የሚደጋገመውን ምት) ኮፒ አድርግና ክራሹን ቅጂው ላይ ብቻ አስገባ። አለዚያ ፓተርኑ በዞረ ቁጥር ይጮህብሃል።

ጠያቂው፦
አሁን ሞከርኩት። ሃይ ሃቱ ሲወጣ ፊሉ ተነፈሰ! ኪኩን ግን ሥሩ ተውኩት፣ እግር ነፃ ነውና። የመጨረሻዋ ስኔር 110 ላይ ስትመታ፣ ከዚያ ክራሹ ሲከተል፣ ደጋግሜ ሰማሁት። እግዜር ይስጥልኝ።