ባላንስ ሺቱ አልገጥም አለኝ፤ የፈንዱ ፈተና ነገ 3 ሰዓት ነው!

ማሂ ዱከም፦
እባካችሁ ቶሎ ድረሱልኝ። ዱከም ፋብሪካ ውስጥ የምሠራ መካኒካል ኢንጂነር ነኝ። ወደ ፕራይቬት ኢኩዊቲ (ድርጅት ገዝቶ አሳድጎ የሚሸጥ ፈንድ) ለመግባት አመልክቼ የቤት ፈተና ተሰጠኝ፤ አንድ የታሸገ ውኃ ፋብሪካን ግማሹን በብድር ገዝቶ ከ5 ዓመት በኋላ የመሸጥ ሞዴል ነው። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት መላክ አለበት። ኤክሴሉ «ሰርኩላር ሪፈረንስ» (ስሌቱ ክብ ሠርቶ ወደ ራሱ ይመለሳል) ይለኛል፣ ባላንስ ሺቱም አይገጥምም፤ ሀብቱ ከዕዳና ከካፒታሉ ድምር ጋር እኩል አይመጣም። መብራት ከጠፋ ቆይቷል፣ ላፕቶፑ 40% ነው የቀረው። ምን ላድርግ?

ናቲ፦
ቀላል ነው። ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ፎርሙላስ ውስጥ ግቢና «ኢነብል ኢተሬቲቭ ካልኩሌሽን» የሚለውን ምረጪ፤ ኤክሴል ክቡን እየደጋገመ ያሰላዋል። 100 እና 0.001 የሚሉትን አትንኪያቸው።

ጋሽ ታምሩ፦
ልጄ፣ ሁለቱ ችግሮች የተለያዩ ናቸው፤ አንዱን ስትፈቺ ሌላው አይፈታም። ባላንስ ሺቱ በስንት ነው የሚለያየው? በየዓመቱ እኩል ከሆነ ስህተቱ የግዢው ቀን መክፈቻ ሂሳብ ላይ ነው፤ የድሮውን ባለቤት ካፒታል አላጠፋሽም ወይም ጉድዊል (ከድርጅቱ የተጣራ ሀብት በላይ የተከፈለውን ዋጋ) አላስገባሽም። እያደገ የሚሄድ ከሆነ ግን በየዓመቱ የሚንቀሳቀስ መስመር ላይ ነው።

ማሂ ዱከም፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ያድጋል። ሀብት በኩል በ14፣ ቀጥሎ በ30፣ ከዚያ በ48 ሚሊዮን ይበልጣል።

ኪሩ፦
ፋይሉን እዚህ ልጠፊውና አንዳችን እናስተካክልልሽ።

ቤቲ ኦዲት፦
እንዳትለጥፊ! የፈንድ ፈተና ብዙ ጊዜ የምስጢር ስምምነት አለው። ቁጥሮቹን እንዲህ በቃል መጠየቅ ይበቃል።

ያሬድ ሰበታ፦
እኔ ግን ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። እዚህ አገር ባንክ በአብዛኛው የሚያበድረው ንብረት ይዞ ነው እንጂ የወደፊት ገቢ አይቶ አይደለም። 80 ሚሊዮን ብር ኢቢትዳ (ከወለድ፣ ከግብርና ከእርጅና ቅናሽ በፊት ያለ ትርፍ) ላለው ፋብሪካ የኢቢትዳውን 3 እጥፍ፣ 240 ሚሊዮን፣ የሚያበድር ማን ነው? ማሽኑ ያረጀ፣ መሬቱ በሊዝ። እዚህ የሚሠሩ ፈንዶች በብዛት አነስተኛ ድርሻ ገዝተው ለማስፋፊያ ገንዘብ ያስገባሉ። በዚያ ላይ አንቺ ኢንጂነር ነሽ፤ ቬንቸር ካፒታል (ጀማሪ ድርጅቶች ላይ ድርሻ የሚገዛ ፈንድ) ይሻልሻል። እዚያ ይህ ሁሉ የዕዳ ሠንጠረዥ የለም። ገንዘብሽ ከመግባቱ በፊት 40 ሚሊዮን በተገመተ ድርጅት ላይ 10 ሚሊዮን ካስገባሽ ከ50ው 20% ያዝሽ፣ አለቀ።

ቤቲ ኦዲት፦
ያሬድ፣ ስለ ባንኩ ያልከው ልክ ነው፤ ግን ዛሬ ማታ አይጠቅማትም። ፈተናው የሚለካው ሦስቱን መግለጫዎች (ትርፍና ኪሳራ፣ ባላንስ ሺት፣ ካሽ ፍሎው) ማያያዝ መቻሏን ነው። ማሂ፣ የመያዣውን ነገር በአንድ አንቀጽ እንደ ስጋት ጻፊው፤ ነጥብ ያስገኝልሻል።

ጋሽ ታምሩ፦
ማሂ፣ ልዩነቱ በየዓመቱ የጨመረውን አውጪ፦ 14፣ 16፣ 18። በ2 አካፍዪው፦ 7፣ 8፣ 9። አሁን ካሽ ፍሎውሽ (የጥሬ ገንዘብ እንቅስቃሴ መግለጫው) ላይ እነዚህን ቁጥሮች ፈልጊ። ልዩነት ለሁለት ሲካፈል ከአንድ መስመር ጋር ከተገናኘ የምልክት ስህተት ነው፤ መቀነስ ያለበት ተደምሯል። ተሰብሳቢ ሂሳብ ይመስለኛል። ደንበኛ በዱቤ ሲወስድ ተሰብሳቢው ያድጋል፣ ጥሬ ገንዘቡ ግን አልገባም፤ ስለዚህ ጭማሪው ይቀነሳል። ዕቃ ክምችትም እንደዚያው ነው። ተከፋይ ሂሳብ (ለአቅራቢ ገና ያልከፈልሽው) ብቻ በተቃራኒው ይደመራል። በተረፈው ጥሬ ገንዘብ ብድር እየከፈልሽ ቢሆንም ልዩነቱ አይሸፈንም፣ ስለዚህ የብድሩን ሠንጠረዥ እየነካካሽ ጊዜ አታባክኚ። «ማስተካከያ» የሚል መስመር ጨምረሽ እንዳታስገጥሚው ደግሞ! ፈታኙ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

ናቲ፦
ኢተሬቲቩን ክፈቺው ብያለሁ፣ ማስጠንቀቂያው ይጠፋል።

ሳሚ ለገጣፎ፦
ናቲ፣ ማስጠንቀቂያው ይጠፋል፣ ስህተቱ ግን ይቀበራል። ኤክሴል ይህን ቅንብር የሚወስደው መጀመሪያ ከተከፈተው ፋይል ነው። ፈታኙ ሌላ ፋይል ቀድሞ ከፍቶ ከነበረ ማስጠንቀቂያው እሱ ፊት ይወጣል። ማሂ፣ ክቡ የመጣው ወለድን በዓመቱ አማካይ ብድር ላይ ስላሰላሽ ነው፦ ወለድ ትርፍን ይቀንሳል፣ ትርፍ ጥሬ ገንዘብን፣ ጥሬ ገንዘብ የሚከፈለውን ብድር ይወስናል፣ ብድሩ ተመልሶ ወለድን። በዓመቱ መክፈቻ ብድር ላይ አስይው፤ ክቡ ይቆረጣል፣ ልዩነቱም ትንሽ ነው። ይህን እንደመረጥሽ በአንድ መስመር አስታውቂ። ፈተናው አማካይ ካዘዘ ብቻ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ሴል አስቀምጪ፤ 1 ሲሆን ወለዱ 0 ይሆናል። ያለሱ አንዴ «ቫልዩ» የሚል ስህተት ክቡ ውስጥ ከገባ አይወጣም።

ኪሩ፦
መብራቱን በተመለከተ፦ የዱከም ሥጋ ቤቶች ጄኔሬተር አላቸው። ጥብስ አዝዘሽ ቻርጀርሽን ሰኪ፣ ፕራይቬት ኢኩዊቲ የሚጀመረው በመብላት ነው 😄

ያሬድ ሰበታ፦
እሺ፣ የምህንድስናሽን ጥቅም ልንገርሽ። የሽያጭ ትንበያውን ከማሽኑ አቅም ጋር አስተያዪ። በሰዓት 12,000 ጠርሙስ የሚል መስመር በቀን 20 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 72 ሚሊዮን ነው። በብልሽት፣ በመብራትና በፕሪፎርም (ተነፍቶ ጠርሙስ የሚሆነው ፕላስቲክ) እጥረት 65% ብቻ ከሠራ 46.8 ሚሊዮን። 5ኛው ዓመት ላይ 60 ሚሊዮን ሸጠሽ የአዲስ ማሽን መግዣ ወጪ 0 ካደረግሽ ሞዴሉ ቢገጥምም ውሸት ነው። ብዙ የፋይናንስ ሰው ይህን አያየውም።

ሳሚ ለገጣፎ፦
ይህ ምርጥ ነጥብ ነው። አንድ ልጨምር፦ ፈንዱ ዶላር ያመጣ ከሆነ ትርፉን በዶላር አሳዪ። በብር 3 እጥፍ በ5 ዓመት 24.6% አይአርአር (በዓመት የሚታሰብ የትርፍ መጠን) ነው። ብሩ ግማሽ ዋጋውን ካጣ 1.5 እጥፍ፣ 8.4% ብቻ ይሆናል። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል፤ ስለዚህ የመግቢያና የመውጫ ምንዛሪ ለየብቻ ሴል ይኑራቸው። የአሜሪካው ፕራይቬት ኢኩዊቲ ድርጅት ኬኬአር እ.ኤ.አ. በ2014 የዝዋይ ጽጌረዳ አምራቹ አፍሪፍሎራ ላይ ሲገባ አበባው የሚሸጠው በውጭ ምንዛሪ ነበር። ያንቺ ውኃ የሚሸጠው በብር ነው፣ ፕሪፎርሙ ወይም ጥሬ ዕቃው ግን በዶላር ይገባል።

ቤቲ ኦዲት፦
ከመላክሽ በፊት የግዢውን የጠበቃና የአማካሪ ክፍያ የት እንዳስገባሽ እዪ። ጉድዊል ውስጥ አይገባም፤ በአይኤፍአርኤስ 3 (ስለ ድርጅት ግዢ በሚደነግገው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ደረጃ) መሠረት በዚያው ዓመት ወጪ ነው። ለባንኩ የተከፈለው የብድር ማመቻቻ ግን ከብድሩ ላይ ተቀንሶ በብድሩ ዘመን ይከፋፈላል።

ናቲ፦
ማሂ፣ ኢተሬቲቩ ሠራ?