ወላጆቼ ሐዋሳ ሊጠይቁኝ ይመጣሉ፤ አሳ በእጄ ሠርቼ ላብላቸው፣ እንዴት ላድርግ?

ታቦር ሥር፦
ሰላም ለዚህ ቤት። እናቴና አባቴ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከደብረ ብርሃን ይመጣሉ። ሥራ ይዤ ሐዋሳ ከገባሁ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። ዕድሜ ልካቸውን አብስለው አብልተውኛል፤ አንድ ምሳ እንኳ እኔ ሠርቼ ላቅርብላቸው ብዬ ነው። ሐይቁ አጠገብ እየኖርኩ ደግሞ ከአሳ ሌላ ማሰብ አልቻልኩም።

ያለኝ ዕቃ፦ አንድ ነጠላ የኤሌክትሪክ ስቶቭ፣ አንድ መጥበሻ፣ ሁለት ድስት። ፍሪጅ የለኝም። አባቴ የታችኛው ጥርሱ ሰው ሠራሽ ነው፣ ደም ግፊትም አለበት፣ የአሳ አጥንት ይፈራል። እናቴ ደግሞ «አሳ ይሸታል» ባይ ናት። ምን ዓይነት አሳ፣ ስንት ኪሎ ልግዛ? ወጥ ይሻላል ጥብስ?

የማለዳ መረብ፦
ወንድሜ፣ ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለውን አሳ) ግዛ። አምባዛ የሚባለው አሳ ሥጋው ወፍራም፣ ደቃቅ አጥንቱም ትንሽ ስለሆነ ለአባትህ የሚመች ይመስላል፤ ነገር ግን ቅርፊት የለውም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ላይ ክንፍና ቅርፊት የሌለው አሳ አይበላም ስለሚል፣ ከደጋ የመጡ ብዙ ወላጆች ገበታው ላይ ካወቁት እጃቸውን ይሰበስባሉ። ሳይነግሩ ማብላት ደግሞ ነውር ነው። ቢልጫ የሚባለውም አሳ ቅርፊት አለው፣ ግን ሥጋው ውስጥ በየቦታው የተበተነ ቀጫጭን አጥንት ስላለው ለዚህ ቀን አይሆንም።

መጠኑን በፊሌቶ፣ ማለትም ከአጥንቱ በተለየው ሥጋ አስበው። ቆሮሶ ሲገፈፍና ከአጥንቱ ሲለይ የሚተርፈው ሥጋ ከጠቅላላ ክብደቱ አንድ ሦስተኛ ግድም ነው። ለሦስት ሰው ወጥ 800 ግራም ሥጋ ከፈለግህ ወደ 2 ኪሎ ተኩል ሙሉ አሳ ትገዛለህ። ለጥብስ ሁለት መካከለኛ ሙሉ አሳ ጨምር።

ሐይቁ ዳር ወዳለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ በማለዳ ሂድ። መረቡ ማታ ተጥሎ ጠዋት ስለሚነሳ ያን ሰዓት ያገኘኸው አሳ ገና ከጀልባው የወረደ ነው። ዓይኑ የጠራና ያበጠ ይሁን፤ ከጎደጎደና ከደፈረሰ ተወው። ስንጥቡን ከፍተህ እይ፣ ቀይ ካልሆነና ወደ ቡኒ ከሄደ አድሯል። ሥጋውን በጣትህ ጫን ስታደርገው ጉድጓዱ ወዲያው መመለስ አለበት። እዚያው አሳ የሚገፍፉ ልጆች አሉ፤ ስትነግራቸው «ጭንቅላቱንና አጥንቱንም ስጡኝ» በል። ካላልክ ለአባ ኮዳ (ሐይቅ ዳር ለሚጠብቀው ትልቅ ወፍ) ይወረወራል፣ አንተ ግን ሾርባ ታወጣበታለህ።

ፍሪጅ ከሌለህ ዋዜማ አትግዛ። ሁለት ባለ 1 ሊትር ፕላስቲክ ውኃ ጎረቤት ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጠህ በረዶ ሲሆን ይዘህ ሂድ፣ አሳውን በፌስታል ጠቅልለህ መሐላቸው አድርገው። ቤት እንደገባህ ወደ ሥራ።

የጓዳ እናት፦
ልጄ፣ ወላጆችህ ይመርቁህ። ስለ ሽታው እኔ ልንገርህ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሎሚ በማብዛት ሊሸፍነው ይሞክራል እንጂ ከየት እንደመጣ አያይም።

የቆሮሶን ሆድ ስትከፍት ከውስጥ ግድግዳው ላይ ጥቁር ስስ ሽፋን ታገኛለህ። በጨው እያሸህ በቢላዋ ጀርባ ፈቅፍቀህ አውጣው። ስንጥቡንም ሙሉ በሙሉ ንቀል፣ ከአከርካሪው ሥር የረጋውን ደምም በአውራ ጣትህ እያሻሸህ እጠብ። ሽታው ያለው እነዚህ ሦስት ቦታዎች ላይ ነው። ሐሞቱ ከፈረጠ የነካውን ቦታ ወዲያው እጠብ፣ አረንጓዴ ሆኖ ከቀረም ቆርጠህ ጣለው፤ ድስቱን በሙሉ ያመርረዋል። ከዚያ በኋላ አንድ ሎሚና አንድ ማንኪያ ጨው በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠህ 10 ደቂቃ ዘፍዝፈህ አለቅልቀው። ሎሚ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ከቆየ ሥጋው ነጭ ሆኖ ይደርቅና ድስት ውስጥ ይፈረካከሳል።

ወጡ፦ 4 መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት ድቅቅ አድርገህ ክተፍ። በመፍጫ አታድቅቀው፣ ውኃ ይሆንና አይቁላላም። ዘይት ሳታስገባ በደረቁ እያማሰልክ፣ ሲይዝብህ ጠብታ ውኃ እያደረግህ፣ 20 ደቂቃ ያህል አብስለው። ከዚያ ግማሽ የቡና ስኒ ዘይት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ እሳቱ ዝግ ይበል። በርበሬው ሳይበስል የቸኮለ ወጥ አሳውን ሳይሆን ጥሬ በርበሬ ነው የሚሸተው፤ ትንሽ ትንሽ ውኃ እየጠጣ 15 ደቂቃ ይቁላላ። 4 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ዝንጅብል፣ ተልጦ የተከተፈ 2 ቲማቲም ጨምርበትና ዘይቱ ወደ ላይ እስኪወጣ ጠብቅ። አንድ ብርጭቆ ሙቅ ውኃ አድርገህ ሲንተከተክ ብቻ አሳውን አስገባ።

እዚህ ላይ ነው የሚበላሸው። አሳ ከገባ በኋላ ማማሰያ አይገባም! ድስቱን በሁለት እጅህ ይዘህ ወዘወዝ አድርገው፤ ካማሰልከው ብትንትኑ ወጥቶ ገንፎ ይሆናል። ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ስታወርደው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ ነስንስበትና ክደነው።

ቅዳሜው ጾም ላይ ከዋለ ደግሞ አስቀድመህ ደውለህ ጠይቅ። አሳ በጾም የሚበላበትም የማይበላበትም ቤት አለ፣ አባወራው ባሉበት ገበታ ክርክር መነሳት የለበትም። ጥቂት ሽሮ ከጎን ይኑርህ።

ጥቁር ውኃ፦
የጓዳ እናት በወጡ ላይ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ ግን ለእናትህ ከወጡ ይልቅ ጥብሱ ይሻላል እላለሁ። አሳ ይሸታል የሚል ሰው መረቅ ያለው ነገር ላይ ይጠራጠራል። ኩርሽም ኩርሽም የሚል ጥብስ ከዳጣ (ከሚያቃጥለው የቃሪያ ማባያ) ጋር ሲቀርብለት ግን እጁን ይዘረጋል።

ሙሉውን አሳ በሁለቱም ጎን ከጀርባ ወደ ሆድ፣ ግማሽ ጣት እያራራቅህ እስከ አጥንቱ ብጣው። ብጣቱ ለጌጥ አይደለም፤ ደቃቁን አጥንት እየቆራረጠ ዘይቱ እንዲያደርቀው ያደርጋል፣ መሐሉም ጥሬ አይቀርም። ጨው አድርገህ 15 ደቂቃ አቆየው፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ አድርቀው። እርጥብ አሳ ዘይት ይረጫል፣ መጥበሻም ላይ ይጣበቃል። ስስ የስንዴ ዱቄት ቀባ ቀባ። የዘይቱን ሙቀት በእንጨት ማንኪያ ጫፍ ሞክረው፤ ዙሪያውን አረፋ ከፈላበት ደርሷል። አንድ አንድ አሳ ብቻ፣ በየጎኑ 5 ወይም 6 ደቂቃ። ራሱ ከመጥበሻው ሳይላቀቅ በግድ አትገልብጠው፣ ቆዳው እዚያው ይቀራል።

በአንድ ስቶቭ ስትሠራ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ሾርባውን ጣድ፦ ስንጥቡ የወጣለት ጭንቅላትና አጥንት፣ 2 ሊትር ውኃ፣ ካሮትና ድንች፣ 30 ደቂቃ። ሐዋሳ ከባሕር ወለል ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ድንቹን ደቀቅ ካላደረግኸው ይዘገያል። ሾርባውን አውርደህ በወንፊት ሁለት ጊዜ አጥልል። ቀጥሎ የወጡን ቁሌት አድርስና አሳውን ሳታስገባ አውርደህ ክደን። ወላጆችህ ገብተው እግራቸውን ታጥበው ሲያርፉ ሾርባውን አሙቀህ አቅርብ። እነሱ ሾርባ ሲጠጡ አሳውን ቁሌቱ ውስጥ ጨምር፤ ጥብሱ የመጨረሻው ነው፣ ከመጥበሻ ወደ ገበታ። የቆየ ጥብስ ይለሰልሳል።

ጤና ጣቢያ፦
ስለ አባትህ ሁለት ነገር። አንደኛ፣ የፊሌቶው ፊተኛ ግማሽ መሐል ላይ የተሰለፉ ትንንሽ አጥንቶች ይቀራሉ፣ ገፋፊው ቢምልልህም። ሥጋውን ጠፍጣፋ ሳህን ላይ አጋድመህ ጣትህን ከጭንቅላቱ ወደ ጅራቱ ቀስ አድርገህ አስኪድ፤ ይቆረቁርሃል። በግራና በቀኙ በቢላዋ ቀጭን መስመር ቆርጠህ ያን ሰንበር በሙሉ አውጣው። ሰው ሠራሽ ጥርስ ያለው ሰው አፉ ውስጥ አጥንት ቶሎ አይሰማውም፣ ስለዚህ ይህን ለሌላ ሰው አትተወው። ምናልባት ጉሮሮ ላይ ቢይዝ በእንጀራ ጉርሻ ወይም በሙዝ ግፋው አይባልም፣ ወደ ውስጥ ይበልጥ ይሰካል፤ ወደ ጤና ተቋም ውሰዳቸው።

ሁለተኛ፣ ጨው። ዘፍዝፈህ ያለቀለቅኸው አሳ የተወሰነ ጨው ይዟል፣ በርበሬህም ጨው ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ወጡ ውስጥ አትጨምር፣ መጨረሻ ላይ ቅመስ። ዳጣውና ሚጥሚጣው በየራሳቸው ስኒ ለብቻ ይቅረቡ። ሐይቅ ዳር እንደለመድነው ጥሬ አሳ በዳጣ አስቀምሳለሁ ብለህም እንዳታስብ፣ ለረጅም መንገደኛ ሆድ አይሆንም።

ታቦር ሥር፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የጓዳ እናት፣ ያሉትን ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ። ሁለት ነገር ልጠይቅ፦ ወንፊት የለኝም፣ ሾርባውን በምን ላጥልል? እናቴ ደግሞ ገና ሳትቀመጥ «አንተ ተወው፣ እኔ ልሥራ» ማለቷ አይቀርም።

የጓዳ እናት፦
ልጄ፣ አዲስ ነጭ ሻሽ ወይም የነጠላ ቁራጭ ያለ ሳሙና በፈላ ውኃ ቀቅለህ ድስቱ አፍ ላይ እሰረው፤ ከወንፊትም ይሻላል፣ ፀጉር የምታህል አጥንት እንኳ አታልፍም። እናትህን እንቢ አትበላት፣ ይከፋታል። ቡናውን ለሷ ተውላት። አንተ ግን ከሰሉንና ፍሙን አዘጋጅተህ፣ ቡናውን አጥበህ፣ ስኒውን ደርድረህ፣ መቀመጫዋን አመቻችተህ ጠብቃት። ምሳ ስታቀርብ ውኃውን መጀመሪያ አባትህን አስታጥብ፣ ቀጥሎ እሷን። እና የጥብሱን ሥጋ ከጀርባው በኩል ከአጥንቱ ለይተህ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእሷ ስጥ፤ ካንተ እጅ ከሆነ ሽታውን አታስበውም።